በክስ መሬት ላይ የተገኘ መዳብ

ወደ ብቸና የተላክሁት በአለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት እንዳይበር ሲጫን በኖረ አንድ አረንጓዴ ድንጋይ ምክንያት ነው። ድንጋዩን ያመጣው ከእኔ በፊት በዓባይ አፋፍ በበቅሎ ያለፈ የውጭ አገር ባለሙያ ነበር። ከብቸና ወደ የጁቤ በሚወስደው በኩል፣ ከገደሉ ጫፍ ትንሽ ወረድ ብሎ እንዳገኘው፣ መዳብ እንዳለበት፣ ብርም ሳይኖረው እንደማይቀር ተናገረ። ከዚያ ውሉ አለቀና አገሩ ገባ። ድንጋዩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በማዕድን መሥሪያ ቤቱ የተቀጠርሁ ጀማሪ ነበርሁ። አለቃዬ አንድ ቀን ጠሩኝና ድንጋዩን አስያዙኝ።

«ሄደህ ምንጩን ፈልግ» አሉኝ። «የማዕድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ከሆነ መቦርቦሪያ ማሽን አስልክልሃለሁ። የማይዘልቅ ከሆነ ቶሎ ተመለስ።»

ከእኩዮቼ መካከል ማሽን የተላከለት አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስነሣ ልቤ የነበረው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ነው። ዓባይን ተሻግረን በደጀን በኩል ብቸና እስክንገባ ድረስ ማሽኑ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚችለው እያየሁ ነበር የሄድሁት። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ሾፌር ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። አንዴ ብቻ፣ «ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ድንጋዩን እናግኝ» አለኝ። ኢንጂነር እንዳልሆንሁ ብነግረውም አልተወኝም፤ በኋላ አገሩ ሁሉ ኢንጂነር እያለ ጠራኝ።

ቦታውን ማግኘት አላስቸገረም። የአካባቢው ሰው ሁሉ የጣሊያን ጉድጓድ እያለ ያውቀዋል። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ገደሉ ውስጥ የተቆፈረ ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ጥቂት ከገባ በኋላ ይዘጋል። ያ አገር ደጋው በሙሉ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እሳተ ገሞራ በጥንት ዘመን እየደራረበ ያፈሰሰው ባዛልት። ገደሉን ወረድ ሲሉ ጥቁሩ ያልቅና ከሥሩ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ብቅ ይላል። መዳቡ የነበረው ጥቁሩና ቀዩ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። በስንጥቁ የወረደ ውሃ ከላይ ያለውን መዳብ እያጠበ አውርዶ ቀዩ ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል ብዬ ገመትሁ። ውጪው እንደ አሮጌ የነሐስ ዕቃ አረንጓዴ ሆኗል፤ በመዶሻ ሲመቱት ከውስጡ ግራጫ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወጣል። ብር ካለ ያለው በዚያ ግራጫ ውስጥ ነው።

በስንጥቁ ውስጥ የሚሄደው የማዕድን ሥር አንድ ስንዝር ቢሰፋ ነው። ነገር ግን አይቋረጥም። ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ገደሉን ተከትሎ፣ አፋፉ ላይ ካለ ጠፍጣፋ የእርሻ መሬት ሥር ይገባል። ከዚያ ወዲያ አፈር ስለሸፈነው የት እንደሚደርስ አይታይም። ለማወቅ መሬቱን የሚያቋርጥ ቦይ መቆፈር ያስፈልግ ነበር። ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አልመሰለኝም።

የመንደሩን ግብር የሚሰበስቡት የአገሩ ጭቃ ሹም ገና ከመኪና ስንወርድ ነበር የተቀበሉን። ሸምገል ያሉ፣ ነጭ ኩታ የለበሱ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው። በግ አሳረዱልን፤ ቆፋሪዎች ጠሩልን፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው እኔን አንቱ እያሉ ያናግሩኝ ነበር።

«የመንግሥት ሰው ነዎት፤ የሚያስፈልግዎን ይንገሩኝ» አሉኝ። «ችካልዎን እንኳ የት ቢተክሉ እንደሚሻል እኔ አሳይዎታለሁ። በዚያ በግራሮቹ በኩል ያድርጉት፤ አፈሩ እዚያ ቀላል ነው።»

ችካሎቹ ቀይ ቀለም የተቀቡ እንጨቶች ነበሩ፤ ገመድ ዘርግቼ ቦዩን የምቆፍርበትን መስመር ለመያዝ ያዘጋጀኋቸው። ግራሮቹ ከመዳቡ ሥር መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ያፈነግጣሉ፤ ቢሆንም አቀባበላቸው ስላሳፈረኝ የመጀመሪያዎቹን እሳቸው ባሉኝ ቦታ ተከልሁ። ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ድንጋይ ስመለከት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ድንጋዩን እየላስሁ ነበር፤ ድንጋይ ሲረጥብ ቀለሙ ጎልቶ ስለሚታይ እንዲያ እናደርጋለን።

«አንተም ትልሳለህ» አሉኝ።

«ሌላ ማን ይልስ ነበር እናቴ?»

«ጣሊያኑ። ባሌ ያኔ ልጅ እግር ሆኖ ከቆፋሪዎቹ ጋር ይሠራ ነበር። ጣሊያኑ ይልስና ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፤ ከዚያ ለብቻው ይስቃል ይል ነበር። አርበኞች መንገዱን ሲዘጉበት ግን የቆፈረውን የሚጭንበት በቅሎ እንኳ ሳያገኝ ጥሎት ሄደ።» አጠገቤ ተቀመጡ። «አሁን ንገረኝ። ያን ቀይ እንጨት እዚያ ትከል ያለህ ማን ነው?»

ጭቃ ሹሙ መሆናቸውን ነገርኋቸው። ሴትዮዋ ምንም አልተቆጡም። ጭቃ ሹሙ የሟች ባላቸው ወንድም ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጭቃ ሹሙ፣ «ይህ መሬት እስከ ግራሮቹ ድረስ የእኔ ድርሻ ነው» እያሉ ብቸና አውራጃ ፍርድ ቤት ሲከራከሯቸው ኖረዋል። ድንበሩ በግራሮቹ በኩል ነው የሚል አንድም ምስክር አላገኙም ነበር።

«አሁን የመንግሥት ችካል አገኙ» አሉ ሴትዮዋ።

ተነሥቼ አየሁት። ሥሩ ወደ ግራ ይሄዳል፤ እንጨቶቼ ወደ ቀኝ ተሰልፈዋል። የዚያኑ ዕለት ችካሎቹን በሙሉ ነቅዬ ላንድሮቨሩ ላይ ጫንሁና ለጭቃ ሹሙ መስመሩ በሌላ በኩል እንደሆነ ነገርኋቸው። ኩታቸውን ደግመው አጣፉ። ከዚያ፣ «እንደፈለግህ አድርግ፤ አንተ ነህ የተማርኸው» አሉኝ። አንቱታው በዚያው ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች እኔ ዘንድ መጡ። እነዚህ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች መሬት ለኪዎች ናቸው፤ ግብር ሊጨምሩ ነው የሚል ወሬ በአገሩ ተነዝቷል አሉኝ። በዚያ ጊዜ ጎጃም ውስጥ መሬት ሊለካ ነው ከሚል ወሬ የሚከፋ ወሬ አልነበረም። ወሬው ከማን እንደተነሣ ብገምትም ማስረጃ አልነበረኝም። ሽማግሌዎቹ ተራ ሰው እንዳይነካኝ የሰጉ፣ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። ድንጋይ ፈላጊ መሆኔን ብነግራቸው አንደኛው፣ «ድንጋይ ለመፈለግ ገመድ መዘርጋት ምን ያደርጋል?» አሉኝ። የቦዩን መስመር ለመያዝ ነው አልሁ፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ችካሎች የት እንደተከልሁ ሳስብ መልሴ ለራሴም እውነት አልመሰለኝም።

በማግስቱ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጠርቶ ሥራውን አቁም አለኝ። ከደብረ ማርቆስ ፈቃድ መምጣት አለበት። ስልክ ቤት ሄጄ ወረፋ ይዤ፣ መስመሩ እየተቆረጠ፣ ለአለቃዬ እየጮኽሁ ነገርኋቸው።

«አልሰማህም፤ ሥሩ ይዘልቃል ወይ?» አሉኝ።

«ገና አልቆፈርሁም ጌታዬ። ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው።»

«አልሰማህም። ብቻ ዝናብ ሳይገባ ጨርስ።»

ፈቃዱን እየጠበቅሁ ቀናት አለፉ። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጡ አንድ አስተማሪና አንድ የጤና ረዳት ነበሩ፤ ጠዋት እነሱ ወደ ሥራ ሲወጡ እኔ መዶሻዬን ይዤ ግቢው ውስጥ እቀራለሁ። አስተማሪው ሲወጣ ሁልጊዜ፣ «ዛሬስ መዳቡ አልበሰለም?» ይለኛል። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ በኋላ ግን እሱ እስኪወጣ ከክፍሌ አልወጣም ነበር።

በዚህ መካከል የሞጣ አውራጃ ጽሕፈት ቤት እኛም ዘንድ መዳብ አለ፤ ባለሙያው መጥቶ ይመልከት ብሎ ላከ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ደስ እያለኝ ተነሣሁ። በደብረ ወርቅ በኩል ስንሄድ ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ ጥቁሩን የዋልካ አፈር አጨቅይቶት ላንድሮቨሩ ተቀረቀረ። ሾፌሩና እኔ ከጎማው ሥር ድንጋይ ስንደረድር ዋልን። በመጨረሻ ገበሬዎች በበሬ ጎትተው አውጥተውን ሞጣ ገባን። የጽሕፈት ቤቱ ሹም በሳጥን የተሞላ አረንጓዴ ድንጋይ በክብር አስመጡልኝ። አንዱን አነሣሁና ገና በእጄ ሳለ ገባኝ። ባዛልት ሲቀዘቅዝ አየር የሚተውለትን ቀዳዳ የሚሞላ አረንጓዴ ሸክላ ነበር፤ በጥፍር ይፋቃል። ለማረጋገጥ ከያዝሁት አሲድ ጠብ አደረግሁበት። የብቸናው ድንጋይ በአሲድ አረፋ ይደፍቃል፤ ይህ ዝም አለ።

«መዳብ አይደለም ጌታዬ» አልኋቸው።

ሹሙ ድንጋዩን፣ ቀጥሎም እኔን አዩ። መዳብ መገኘቱን ደብረ ማርቆስ ላሉት አለቆቻቸው አስቀድመው ነግረው ኖሯል። «መኖሪያህን ብቸና ስላደረግህ የብቸናው መዳብ ሆነ፤ የሞጣው ጭቃ ሆነ» አሉኝ። ምሳ የጋበዘን የለም። ስንመለስ ሾፌሩ፣ «ቢያንስ አረንጓዴ ነው ብትላቸው ምን ነበረበት?» አለኝ። እኔ ግን ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም።

ብቸና ስደርስ ፈቃዱ መጥቷል ተባልሁ። እየሮጥሁ ሄድሁ። የአውራጃው ጸሐፊ አነበቡልኝ፦ በባለ መሬቱ ስምምነት መቆፈር ይቻላል።

«ባለ መሬቱ ማን ነው?» አሉኝ ጸሐፊው።

«መሬቱ በክስ ላይ ነው።»

«እንግዲያውስ ፍርዱን ጠብቅ።»

«ክሱ ስንት ዓመት ሆኖታል ብለው ነው?»

«እሱን ፍርድ ቤት ጠይቅ» አሉና ሌላ ባለጉዳይ ጠሩ። ደጁ ላይ ቆሜ ለረጅም ጊዜ ማዘኔን አስታውሳለሁ። በድንጋዩ ጉዳይ የማላውቀው ነገር ቢኖር አይቆጨኝም፤ ለማወቅ ነው የመጣሁት። የሚያቃጥለኝ መልሱ ከእግሬ ሥር፣ ከአንድ ሰው ቁመት በማይጠልቅ አፈር ውስጥ እያለ እዚያ የሚያደርሰኝ በር ሁሉ ወደ ሌላ በር የሚመራ መሆኑ ነበር።

መፍትሔውን ያገኙት ሴትዮዋ ናቸው። ለገበያ ብቸና ሲመጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኋቸው።

«እኔን ጠይቀኝ» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«መሬትሽን ልቆፍር ትፈቅጅልኛለሽ ወይ ብለህ። ግን ለብቻችን አይደለም። ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። እኔም እፈቅዳለሁ። ከዚያ ዳኛው ማንን አስፈቅደህ ቆፈርህ ቢልህ እሷን ትላለህ። ከዚህ ሌላ የምለምንህ ነገር የለም።»

ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል። የእኔ ቦይ ለእሳቸው ምስክር ይሆናል ማለት ነው። ሆኖም መሬቱን ከባላቸው ሞት በኋላም ሲያሳርሱና ሲያሳጭዱ የኖሩት እሳቸው መሆናቸውን አገሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም በዓይኔ ያየሁት አዝመራ የእሳቸው ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እርሻዎን ልቆፍር ይፈቅዱልኛል?» አልኋቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ፈቅጃለሁ፤ ስትጨርስ ግን አፈሬን መልስ» አሉ። ጸሐፊው ሽማግሌዎቹን ጠይቀው አረጋገጡና ይሁን አሉ።

በማግስቱ ቆፋሪዎቼ ሥራ ጀመሩ። ከአፈሩ ሥር ቀዩ ድንጋይ፣ በቀዩ ድንጋይ ውስጥ አረንጓዴው መስመር ብቅ ሲል የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ በሥራዬ ዘመን ሁሉ ደግሜ አላገኘሁትም። ሥሩ እየሰፋ ይሄድ ነበር፤ ስንዝር የነበረው ክንድ አከለ። ግራጫው ማዕድን በብዛት ይታይ ጀመር። ቦዩን በሥሩ አቅጣጫ እየመራሁ ወደ እርሻው ጫፍ ተጠጋን። እዚያ ላይ ግን ሥሩ በቢላዋ እንደተቆረጠ ሁሉ ድንገት ጠፋ። ድንጋዩ ተሰብሮ ነበር። በጥንት ጊዜ መሬቱ በዚያ መስመር ተንሸራትቷል፤ ሥሩም አብሮ ተቆርጦ ሌላኛው ክፍል ወደ አንድ ቦታ ሄዷል። በስብራቱ ግድግዳ ላይ ያለው ጭረት ወደ ታችና ወደ ግራሮቹ በኩል እንደሄደ ያሳያል። ተከታዩን ለማግኘት ከስብራቱ ወዲያ ሌላ ቦይ ያስፈልጋል። ከስብራቱ ወዲያ ያለው መሬት ደግሞ ማንም የማይከራከርበት የጭቃ ሹሙ ርስት ነው።

ቤታቸው ሄድሁ። ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ፤ አረቄ አስቀዱልኝ።

«እፈቅድልሃለሁ» አሉኝ። «በእኔ መሬት መዳብ ቢወጣ ለእኔም ክብር ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት ለምስክርነት ትጠራለህ፤ እሷ ጠርታሃለች። እኔ ዋሽ አልልህም። መጀመሪያ ችካልህን በግራሮቹ በኩል መትከልህን ብቻ ተናገር። ማን ትከል እንዳለህ ካልተጠየቅህ አትንገር። ከዚያ በማግስቱ ና፤ ቆፋሪዎቹን እኔ እሰጥሃለሁ።»

«ከተጠየቅሁስ?»

«አትጠየቅም።»

አረቄውን ሳልቀምስ ወጣሁ። ፍርድ ቤቱ የተቀጠረበት ቀን እስኪደርስ ያልታገልሁት ሐሳብ የለም። መዋሸት አይደለም፤ ዝም ማለት ነው እላለሁ። ደግሞ ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኝ አተያይ ይመጣብኛል። ማሽኑ ይመጣብኛል። ሁለቱንም ረገምኋቸው።

ብቸና ፍርድ ቤት በወንጌል ምዬ ቆምሁ። ዳኛው ማንን አስፈቅደህ ቆፈርህ ሲሉኝ ሴትዮዋን ነው አልሁ። የጭቃ ሹሙ ጠበቃ ተነሣና፣ «ከዚያ በፊት ድንበሩን በግራሮቹ በኩል በችካል አላመለከትህም?» አለኝ።

«ችካል ተክያለሁ። ድንበር አላመለከትሁም።»

«ችካሉ ግን እዚያ ነበር?»

«ነበር።»

ጠበቃው ረክቶ ሊቀመጥ ሲል ዝም ማለት እችል ነበር። ጭቃ ሹሙ በቀጥታ ያዩኝ ነበር። «እዚያ ትከለው ያሉኝ ጭቃ ሹሙ ናቸው» አልሁ። «መዳቡ በዚያ በኩል አይሄድም። የእሳቸው ክርክር በዚያ በኩል እንደሚሄድ ያወቅሁት በኋላ ነው።»

ዳኛው ምስክርነቱን ከሽማግሌዎቹ ቃል ጋር አገናዝበው በሌላ ቀጠሮ መሬቱን ለሴትዮዋ ፈረዱ። እኔ በቀጠሮው ቀን አልነበርሁም፤ ጭቃ ሹሙ ከፍርድ ቤት እስኪመለሱ ደጃቸውን እየጠናሁ ነበር። አላስገቡኝም። ሽማግሌ ላክሁ፤ አልሆነም። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት እንዲያዝልኝ ጠየቅሁ፤ ጸሐፊው ፈቃዱን አውጥተው በባለ መሬቱ ስምምነት የሚለውን ቃል በጣታቸው አሳዩኝ። በዚህ ላይ ክረምቱ ገባ።

አፈሩን ለመመለስ ሄጄ በጭቃ ውስጥ ቦዩን ስናስደፍን ሴትዮዋ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«ብር ነው ያልኸው ወጣ?» አሉኝ።

«ጥቂት አለ። ከወዲያ በኩል ይበልጥ ይሆናል፤ ማየት ግን አልቻልሁም።»

«ተመስገን» አሉ።

ተናደድሁ። «እኔ ስለ እርስዎ መስክሬ ሥራዬ ከሸፈ፤ እርስዎ ደስ ይልዎታል?» አልኋቸው። ለታላቅ ሰው እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም።

«ልጄ፣ አንተ ለእውነት መስክረሃል፤ እግዜር ይስጥህ» አሉ ሳይቆጡ። «ብሩ ብዙ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን መሬት ማን ይተውልኝ ነበር? እሱን አሸነፍሁት። መንግሥትን በየትኛው ፍርድ ቤት እከሰዋለሁ?»

ዝናቡ በረታና ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉት፤ እኔ ግን ቆፋሪዎቹን ለማጣደፍ ተነሥቼ ሄድሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ አለቃዬ የሰጠኋቸውን ናሙና ላቦራቶሪ ላኩት። መዳብ አለው፤ ብርም አለው፤ ለአንድ ክንድ ሥር ግን ማሽን አይላክም። አለቃዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ከስብራቱ ወዲያ ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«ስንት ወር ቆይተህ?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳቸው ሞከርሁ፤ ችካሉን፣ ወሬውን፣ ፈቃዱን፣ ክሱን። ክሱ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። «እኔ የላክሁህ መዳብ እንድትፈልግ ነው» አሉኝ። ለሚቀጥለው በጋ ስሙን እንኳ የማላውቀው ቆላ አገር መደቡኝ። ወደ ብቸና ልመለስ ብዬ ጠየቅሁ፤ በዚያ ዓመት ግን የመሬት ልኬቱ ነገር ጎጃምን አናውጦት ነበርና ገመድ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ የመሥሪያ ቤታችን ሰው አልተገኘም። ከዚያም ሌላ ሥራ መጣ፤ ሌላ አለቃ መጣ፤ መንግሥቱም ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ስብራት አይቻለሁ፤ አንዳንዱን ተከትዬ ወዲያ ማዶ ያለውን አግኝቻለሁ። የዚያን ስብራት ጭረት ግን እስከ ዛሬ በወረቀት ላይ እስለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሥሩ ከግራሮቹ ሥር ሰፍቶ ይታየኛል፤ አንዳንድ ቀን ቀጥኖ ያልቃል። ሁለቱም እኩል ያሳምኑኛል፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ።